ምልክቱን አልቀይርም

ባለፈው ሰኔ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስመለስ አውቶቡሳችን ሞተሩ ግሎ አሰንዳቦ ላይ ቆመ። ካፊያው አላቋረጠም። የተጠበሰ በቆሎ ገዝቼ ስፈለፍል አንድ ወጣት መንገደኛ እጁን ሞተሩ አጠገብ እያሞቀ፣ «ይሄ ሁሉ ሙቀት ዝም ብሎ ሊባክን ነው?» አለ። ሳቄ መጣ። እኔ በወጣትነቴ ሙቀትን ወደ ኤሌክትሪክ በሚለውጥ ቁስ የተነሳ ከመምህሬ ጋር ተኳርፌያለሁ።

ያኔ ጅማ ውስጥ ቦሳ ኪቶ ሰፈር ጠባብ ክፍል ተከራይቼ በፊዚክስ ሁለተኛ ዲግሪዬን እሠራ ነበር። የማጠናው ቢስመዝ ቴሉራይድ የሚባል ግራጫ ቁስ ነው። አንዱን ጫፍ ሲያሞቁት በውስጡ ያሉት የኤሌክትሪክ ተሸካሚዎች ወደ ቀዝቃዛው ጫፍ ይሸሻሉ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከልም ጥቂት ቮልቴጅ ይፈጠራል። ተሸካሚዎቹ ፖዘቲቭ ይሁኑ ኔጌቲቭ የሚታወቀው በቮልቴጁ ምልክት ነው። እኔ ጋ የነበረው ፖዘቲቭ መሆን ነበረበት። ፈጭቼ፣ ዱቄቱን በግፊት አጠንክሬ ስለካው ግን ኔጌቲቭ ሆነብኝ። ደገምኩት፤ ያው ነው።

አማካሪዬ ዶክተር ታደለ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ችኩል ነበሩ እንጂ።

«ሽቦውን ገልብጠሽው ነው» አሉኝ።

«አልገለበጥኩም፤ ደጋግሜ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው ምልክቱን ቀይሪውና ገላግዪን። አንዲት የኔጌቲቭ ሰረዝ ናት፤ ማን ያያታል? መስከረም ላይ ሥራ ይጠብቅሻል እኮ፣ ዘይነባ!»

«ያላየሁትን አልጽፍም፣ ዶክተር።»

«ብቻሽን ተወጪው!»

ጥናቴን የማቀርብበት ቀን ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። ከሌላ ከተማ የመጡት ፈታኝ ውጤቴን አይተው ፈገግ አሉ። «ልጄ፣ ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው።»

ደሜ ፈላ። «ይፍቀዱልኝና እዚሁ ፊታችሁ ልለካው» አልኩ። ቁሱን የማሞቅበትን የኤሌክትሪክ መበየጃ ለማጋል ስሰካው ግን መብራት ጠፋ። ከኋላ የሳቀ አለ።

በረንዳው ላይ ሻይ ወደምትሸጠው አዴ ፋጡማ ሄጄ የከሰል ምድጃዋን ለመንኳት። «ውሰጂው፣ ግን ሻዬን እንዳታቀዘቅዢብኝ!» ብላ ተከትላኝ ገባች። ከሰሉ ላይ ሚስማር አጋልኩ። መለኪያው በባትሪ የሚሠራ ስለነበር መብራቱ አላስቸገረኝም። የጋለውን ሚስማር መጀመሪያ ኔጌቲቭ መሆኑ ከሚታወቅ ሲሊከን ጋር፣ ቀጥሎ ከእኔው ቁስ ጋር አነካካሁት። የመለኪያው ቀስት ሁለቱንም ጊዜ ወደ አንድ አቅጣጫ ሄደ። የእኔም ኔጌቲቭ ነበር ማለት ነው። ፈታኙ ተነስተው በገዛ እጃቸው ሞከሩት።

«ለምን እንዲህ ሆነ?» አሉ በመጨረሻ።

«አላውቅም። መሆኑን ግን አውቃለሁ።»

አላሳለፉኝም። «ምክንያቱን ፈልገሽ ተመለሺ» ተባልኩ፤ ሥራውም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ሊሙ ገነት፣ እናቴ ዘንድ ሄጄ አለቀስኩ። እናቴ ጨጨብሳውን በቅቤና በማር ለውሳ እያጎረሰችኝ፣ «ጀባዹ፣ በርቺ ልጄ!» አለችኝ። «ወላሂ፣ ውሸት ጽፈሽ ብትመጪ ነበር የማፍርብሽ።»

ተመልሼ ጥናቱን ከሀ ጀመርኩት። አንዱን ናሙና በስሱ፣ ሌላውን እጄ እስኪዝል ፈጨሁት። የቡናው ፍሬ ሲቀላ መልሱን አገኘሁ፦ በስሱ የተፈጨው ፖዘቲቭ እንደሆነ ቀረ፤ የደቀቀው ወደ ኔጌቲቭ ዞረ። መፍጨቱ የቁሱን ክሪስታል ሲጎዳው ትርፍ ኤሌክትሮኖች ይወለዳሉ። ለካ ሌሎችም በሌላ አገር ደርሰውበት ኖሯል፤ እኛ ዘንድ ያነበበው አልነበረም እንጂ። ዶክተር ታደለ ወረቀቴ ላይ ፈርመው እጄን ጥብቅ አድርገው ጨበጡኝ።

አሁን ጸጉሬ ሸብቷል። አንዳንድ ወዳጆቼ «ለአንዲት ሰረዝ ስንት ነገር አጣሽ!» ይሉኛል። አጥቻለሁ፤ አልክድም። ዛሬም ያቺን ሰረዝ ቀይሪ ብባል ግን አልቀይራትም። ተማሪዎቼ ከመጽሐፉ ጋር የማይስማማ ውጤት ይዘው፣ አንገታቸውን ደፍተው ሲመጡ ወንበር አቀርብላቸዋለሁ።

«ቀና በሉ» እላቸዋለሁ። «መጀመሪያ ያያችሁትን ንገሩኝ።»