ታንቲ ቬሮና የመረጠችላቸው መጽሐፍ

ወደ ካሪያኩ ደሴት ልምጣ የሚል ሰው አስቀድሞ የሚጽፈው ለታንቲ ቬሮና ነው። ሌስቴር መንደር ውስጥ ሁለት ክፍል ታከራያለች። ከልጅ እስከ ሽማግሌ ታንቲ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ የማይላት የለም፤ እንግዶቿም ሻንጣቸውን ሳያወርዱ ታንቲ ማለት ይጀምራሉ። ሁሉም የሚጠይቋት ደግሞ አንድ ነገር ነው፦ የትኛውን የጉዞ መጽሐፍ እንግዛ?

እሷም አትሰለች። "የሽፋኑን ባሕር አትዩ፤ ባሕር የትም ባሕር ነው" ብላ ትመልስላቸዋለች። "የጀልባውንም ሰዓት አትዩ፤ እሱን ካፒቴኑም አያውቀውም። የእኛን ደሴት ገጽ ግለጡና ስለ ውሃ ምን እንደሚል አንብቡ። እኛ የምንጠጣው ከጣራ የተጠራቀመ ዝናብ ነው፤ በበጋ በባልዲ ነው የምንታጠበው። ይሄን ያልጻፈ ሰው እኛ ዘንድ አላደረም። ያደረውን ሰው መጽሐፍ ግዙ።"

ያደረው ሰው ጋሬት ነበር። እንግሊዛዊው ጋሬት በየሦስት ዓመቱ መጽሐፉን ሊያድስ ሲመጣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ያረፈው እሷው ቤት ነው። ትኩሳት በጣለው ጊዜ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣችው፣ ላቡን የጠረገችው እሷ ናት። "ልጄ" ነበር የምትለው። ስህተት ስታገኝበት ደግሞ አትምረውም። "ምነው አንተ፣ ይሄ ድልድይ እኮ አውሎ ነፋስ ከወሰደው ቆየ! ሰው ገደል ልትከት ነው?" ትለዋለች፤ እሱም እየሳቀ ያርማል። የሌላ ሰው መጽሐፍ ይዞ የመጣ እንግዳ ካለ ቁርሱን እንኳ ዘግይታ ነበር የምታቀርብለት።

ባለፈው ሲመጣ የወላጆች ማዕድ ቀን ላይ ደረሰ። እኛ ዘንድ የሞተ ወላጅ ሲርበው በሕልም ይመጣል። ሕልሙ የመጣለት ሰው በግ ያርዳል፣ የበቆሎ ገንፎ ያገነፋል፣ ሁሉንም ያለ ጨው። መኝታ ቤት ውስጥ ነጭ ጨርቅ አልብሶ ጠረጴዛ ይዘረጋና ምግቡን ሩም ከሚባለው የሸንኮራ አረቄ ጋር አቅርቦ በሩን ይዘጋል። ሙታኑ እስኪጠግቡ ሕያው አይገባም። ጋሬት "ታንቲ፣ በሩ ሳይዘጋ አንዴ ልየው" ብሎ ለመናት፤ አንጀቷ አልችል አለና አሳየችው።

"ይሄ ግን አይጻፍም። ገብቶሃል?"

"እናቴ ትሙት፣ አልጽፍም!" አለ። በእናቱ የማለ ሰው ይዋሻል ብላ አልጠረጠረችም፤ እኛስ ብንሆን ማን ይጠረጥራል?

ዘንድሮ የሞተች እናቷ ሦስት ሌሊት ተከታትላ በሕልሟ መጣችባት። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ "ቬሮና፣ እኔ እየራበኝ አንቺ እህል እንዴት ይወርድልሻል?" አለቻት። እናትየዋ የምትመጣው ለቬሮና ብቻ ነበር። ታናሽ እህቷ ሉክሪሽያ በዚህ ስትንገበገብ ነው የኖረችው። "ለኔማ ምን ብላ! በቁሟም እሷን ነበር የምታየው" ትላለች። ቬሮናም ውሸት ምን ያደርጋል፣ ትኮራበት ነበር። ባል የላት፣ ልጅ የላት፤ ያቺ እናቷ ነበረቻት።

ማዕዱን ለቅዳሜ ቀጠረች። በዚያ ሰሞን አንድ ወጣት ባልና ሚስት ክፍል ጠይቀዋት ነበርና፣ "ቅዳሜ የእናቴ ማዕድ ነው፤ እሑድ ኑ። መጽሐፍ ከፈለጋችሁ የጋሬትን አዲሱን እትም ግዙ፤ እሱ አይዋሽም" ብላ ጻፈችላቸው። አዲሱን እትም ራሷ ገና አላየችውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በር ላይ ከበሮ ይመታል፣ ድስት ይንተከተካል፣ ሽማግሌዎቹ ሩማቸውን ይዘው ይጨቃጨቃሉ። ሉክሪሽያ ከዊንድዋርድ መንደር ከነልጆቿ መጥታለች። "ዘንድሮስ ገንፎሽ ጓል የለውም፤ ማን አገነፋልሽ?" ብላ እህቷን ትነካካለች። "አንቺን ጠርቼ እናቴን ላስርባት?" ትላለች ቬሮና። ሁሉም ይስቃል። የማዕዱ በር ከተዘጋ ገና ግማሽ ሰዓቱ ነው።

ቬሮና ፎጣ ልታመጣ ወደ ጓዳ ገባች። የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል።

ብርግድ አድርጋ ከፈተችው። አንዲት ቀይ ረጅም ሴት ለእናቷ በቀረበው ሳህን ላይ ጎንበስ ብላ የበግ ሥጋ ታላምጣለች። ባሏ ሻማውን ፎቶ ያነሳል። ሴትዮዋ ፈገግ አለችና ጣቷን ጠርጋ፣ "ታንቲ ቬሮና! ጋሬት ልኮን ነው" አለች።

"ወይኔ! ወይኔ እናቴን!"

ጩኸቷን ሰምቶ ቤቱ ሞላ። ሴትዮዋ ደነገጠች፤ እንባዋ መጣ። "ቅዳሜ ማዕድ ነው ስትዪን ጊዜ አንድ ቀን ቀድመን መጣን፤ መጽሐፉ የሚለውን ነው ያደረግነው! ይኸው እዚህ ላይ! እሱ አይዋሽም ብለሽ ይሄንን ግዙ ያልሽን አንቺ ነሽ እኮ!" ብላ መጽሐፉን ዘረጋች።

ሉክሪሽያ ነጠቀቻትና ሰው ሁሉ እየሰማ አነበበችው። "በጓሮ በር ይግቡ፤ ማንኳኳት ነውር ነው። ክፍሉ በግራ በኩል ነው። ከማዕዱ በጣት ጥቂት መቅመስ እንደ ምርቃት ይቆጠራል። ቬሮና የቅርብ ወዳጄ ናት፤ ጋሬት ልኮን ነው በሏት።" ከሥር የእናታቸው ስም ከነአባቷ ስም ተጽፏል።

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይባላል። የሚያሳዝነው ደግሞ መቅመሱን ከራሱ ፈጥሮ ነው የጨመረው። አሥራ አምስት ዓመት ስህተቱን ስታርም ኖራ፣ የዋሸው በእሷው እናት ላይ!

"በእናቱ ምሎልኝ ነበር" አለች ቬሮና።

"እሱ በእናቱ ማለ፣ አንቺ እናታችንን ሰጠሽው" አለች ሉክሪሽያ። "ፈረንጁን ልጄ ስትይ፣ ስትይ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም። እኔን እህትሽን እንኳ ሳትጠይቂ የሞተች ሴት መኝታ ቤት ታስጎበኛለሽ?"

ሽማግሌዎቹ ለቬሮና ይፈርዱላታል ብለን ጠብቀን ነበር፤ ሁሉም መሬት መሬት አዩ። ሰው የነከሰው ማዕድ ለሙታን አይሆንምና ምግቡ ባሕር ተደፋ። ሉክሪሽያ ነጩን ጨርቅ ከጠረጴዛው ላይ ገፍፋ አጠፈችው። "ከእንግዲህ ማዕዱ እኔ ቤት ነው። መምጣት ትችያለሽ፤ እንደ ማንኛውም ሰው ውጭ ትቀመጫለሽ።" በሳምንቱ ዊንድዋርድ ላይ ደገሰች፤ ቬሮናም ሄዳ ውጭ ተቀመጠች።

ለጋሬት ጻፈችለት። "ውድ ታንቲ፣ ደስ የሚልሽ መስሎኝ ነው። አንባቢዎቼ ከሁሉ የወደዱት ያንን ገጽ ነው። ለሚያዝያ ክፍሌን ያዢልኝ" ብሎ መለሰላት። "ክፍሌን" አላለም? ደብዳቤውን ሁለቴ አነበበችውና ምድጃ ከተተችው። የእንግዶቹ ጥያቄ ግን ዛሬም አልቀረም። "ከሁሉ የሚሳሳተውን መጽሐፍ ግዙ፤ እሱ መኝታ ቤታችንን አያገኘውም" ትላቸዋለች፤ እነሱም ቀልድ እየመሰላቸው ይስቃሉ።

ከማዕዱ ወር ያህል ቆይቶ ሉክሪሽያን ገበያ ላይ አገኘቻት። ዓሣውን እያገላበጠች፣ ቀና ሳትል ጠየቀቻት።

"እማማ መጣች?"

"መጣች" አለች ሉክሪሽያ። ከሳቋ ጋር እየታገለች ነበር፤ ስድሳ ዓመት የጠበቀችው ነገር ነውና። "አልጋዬ ላይ ተቀመጠች። ጠገብኩ፣ ተባረኪ አለችኝ።"

"ስለ እኔስ ጠየቀችሽ?"

ሉክሪሽያ ሳቋ ጠፋ። ቂመኛ ትሁን እንጂ ክፉ አይደለችም፤ አዎ ብላ መዋሸት አምሯት ነበር።

"አልጠየቀችም እህቴ" አለቻት።