ማዳሜ ያለ ዳይፐር ያሳደገችው ልጅ

ከሐይቅ ከተማ የወጣሁ ሌሊት ሚኒባሱ በራችን ላይ ክላክስ ያጮሃል፣ እኔ ጓሮ ቁጭ ብዬ የዘጠኝ ወር ልጄን ሐያትን ይዤ ሽሽሽ እላለሁ። ከእንቅልፏ ስትነሳ ወዲያው ነበር የምትሸናው፤ ያን ሌሊት ግን እንቢ አለች። እናቴ መጥታ ከእጄ ወሰደቻትና፣ “ሂጂ በቃ፣ እኔ የለሁም እንዴ? አንቺንም ያሸናሁሽ እኔ ነኝ። አላህ ካንቺ ይሁን” አለችኝ። በሕጋዊ መንገድ ዓረብ አገር መሄድ እንደገና ተፈቀደ የተባለበት ጊዜ ነበር። ኮንትራቱ ሁለት ዓመት ነው፤ ሁለት ዓመት ምን አላት ብዬ ወጣሁ።

ጅዳ፣ ማዳሜ ቤት ለሠራተኝነት ገባሁ። አርዲቦ ሐይቅ ዳር ላደግን ሰዎች ነፋስ ከሐይቁ ነው የሚመጣው፤ እዚህ ከግድግዳ ነው የሚወጣው፣ ኤሲ ይሉታል፣ እሱንም እኔ ክፍል አላስገቡትም። ጠዋት ሩዝ፣ ማታ ሩዝ። በሁለተኛው ዓመቴ ማዳሜ ፈሀድን ወለደች። ገና ከመወለዱ ዳይፐር ታሰረበት፣ በዚያ ሙቀት ቆዳው ተላጠ፣ ሌት ተቀን ያለቅሳል። አንጀቴ አልቻለም። ፈታሁለትና እንደ አገሬ ሰው ፊቱን እያየሁ፣ ሲቁነጠነጥ አንስቼ ሽሽሽ እለው ጀመር። ልጅ ሊሸና ሲል ይናገራል እኮ፤ የሚሰማው ይፈልጋል እንጂ። ማዳሜ ስትይዘኝ ቤቱን በጩኸት አናወጠችው። ቆሻሻ ነሽ፣ ወደ አገርሽ እመልስሻለሁ አለችኝ። ምነው በመለሰችኝ ኖሮ።

ብዙም ሳይቆይ ስልኳ ላይ አንዲት ፈረንጅ አየች። ፈረንጇ ልጅን ያለ ዳይፐር ማሳደግ አዲስ ግኝት ነው እያለች ታስተምራለች። ማዳሜ ወዲያው “ፍቺለት” አለችኝ፤ ስፈታ የተሰደብኩት እኔ እንዳልሆንኩ። ቪዲዮ መልቀቅ ጀመረች፣ ሰዉ ተከተላት፣ በኋላ የቴሌቪዥን ሰዎች መጡና ሳሎኑን መብራት በመብራት አደረጉት። የያዝኩት እኔ፣ ሽሽ ያልኩት እኔ፣ ፈሀድ ሲሸና የተጨበጨበላት እሷ። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ከእኔ የታየው እጄ ብቻ ነው። ጋዜጠኛዋ ይህን ከየት ተማርሽው ብትላት ማዳሜ ብዙ አነባለሁ አለች። እሷ የምታነበው የልብስ ዋጋ ነው።

ኮንትራቴ አለቀ። ያኔ ጦርነቱ ወሎ ገብቶ ነበር፤ ሐይቅም ተያዘ ተባለ፣ ስልክ ተቆረጠ። እናቴና ልጄ ይኑሩ ይሙቱ የሚነግረኝ አጣሁ። ልሂድ ስላት ማዳሜ አይሆንም አለች፤ ፓስፖርቴ እሷ ጋ ነው፣ ፈሀድ ደግሞ እሷ ሽሽ ስትለው ዝም ብሎ ያያታል እንጂ አይሸናም። ወዳመጣኝ ቢሮ ደወልኩ። ስልኩን ያነሳው የአገሬ ልጅ ነው፣ ይረዳኛል ብዬ ሁሉን ነገርኩት።

“ሌላ ሠራተኛ እንስጥሽ ብለናት ነበር፣ አልቀበልም አለች” አለኝ። “እህቴ፣ የያዘሽ ሙያሽ ነው።”

“ሙያዬ ምንድን ነው?”

“ያው፣ ማሸናት” አለኝ።

ሙያ በልብ ነው ይባል የለ? እኔ ሞኟ አወጣሁት።

ስልክ የተከፈተ ዕለት እናቴን አገኘኋት። አልሐምዱሊላህ፣ ተርፈዋል። በሩ ተነቅሏል፣ ላሚቱም የለችም፣ እሱ ይቅር። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ “ሐያት ተኩሱን ከሰማች ወዲህ እላይዋ ላይ ነው የምትሸናው” አለችኝ። ዓመት ሳይሞላት ሽንቷን የለየች ልጅ። “የሰው አገር ሰዎች በዚሁ ሥራ አመሰገኑኝ ትዪኝ አልነበር? ምን ላድርጋት? ካልሆነ ያን ዳይፐር የሚሉትን ላኪልኝ።” ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ይህ ፊቷን እያዩ በመያዝ ነው የሚሆነው፣ እኔ ደግሞ የሐያት ፊት አሁን ምን እንደሚመስል እንኳ አላውቀውም።

እናቴ ስልኩን ለልጄ ሰጠቻት። ሐያት አፏን ፈትታለች።

“እማ፣ ዛሬ አልሸናሁም” አለችኝ።

“ጎበዝ፣ የኔ እናት።”

“እማማ፣ ካልሸናሽ እናትሽ ትመጣለች ብላኛለች። አሁን ትመጫለሽ?”

“እመጣለሁ” አልኳት። ሌላ ምን ልበላት? ፈሀድ ጭኔ ላይ መቁነጥነጥ ጀምሯል፣ ማዳሜም ከሳሎን ቶሎ አንሺው እያለች ትጮሃለች።