እጅጌዬ ከመኪናው ጋር የተሰፋባት ዓርብ

ይህ የደረሰብኝ በደርግ ጊዜ፣ ባሕር ዳር ውስጥ ነው። ያኔ ገና ያላገባሁ ልጅ ነበርኩ፤ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። በመሃሉ ስንት ነገር ረስቻለሁ። ይህችን ዓርብ ግን ባስታወስኳት ቁጥር መጀመሪያ ያስቀኛል፤ ቀጥሎ ደግሞ ያስቆዝመኛል።

እኔና ታላቅ እኅቴ አስረበብ እናታችን ትታልን በሞተች አንዲት የእግር መኪና ልብስ እንሰፋ ነበር። እሷ ጠዋት ትሰፋለች፤ እኔ ከሰዓት እቀበላታለሁ። ሌላ ገቢ የለንም። በዚያ ሰሞን የከተማው ልብስ ሰፊዎች በማኅበር ይደራጁ ተባለና የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋው በማኅበሩ ብቻ ሆነ። ደስ ብሎን ለመመዝገብ ብንሄድ ሊቀመንበሩ ጣቱን ቀስሮ «አንድ መኪና፣ አንድ አባል!» አለን። መፈክር የሚያሰማ ነበር የሚመስለው። ምዝገባው ደግሞ ቅዳሜ ይዘጋል። እስከዚያ ሁለተኛ መኪና ካላገኘን ከሁለታችን የአንዳችን እንጀራ ተቋረጠ ማለት ነው።

«ግዴለም፣ አንቺ ተመዝገቢ፤ እኔ ጥጥ እየፈተልሁ እኖራለሁ» አለችኝ አስረበብ። አስረበብ ጥጥ መፍተል ስትጠላ ለጉድ ነው። አንጀቴን በላችው።

ወደቡ አጠገብ ክርና ቁልፍ የምንገዛቸው ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ የወረታ ተወላጅ ነጋዴ ነበሩ። እሳቸው ሱቅ ያገለገለ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የፋብሪካ መኪና መጣ ሲባል ሰማንና በማግስቱ ዓርብ እኔ ልሄድ ተነሳሁ። አስረበብ የሰው ልብስ ማድረስ ስለነበረባት መሄድ አልቻለችም። አዲሱን ቀሚሷን ግን አልብሳ ላከችኝ። በጊዜው ፋሽን የነበረ፣ እጅጌው ሰፋ ያለ ቀሚስ ነው። «ዋ! እንዳታቆሽሽብኝ» ብላ በሩ ድረስ ተከተለችኝ።

መኪናውን ሳየው ወደድኩት። መውደዴን ግን አላሳየሁም። ያገለገለ መኪና ሲገዛ ምን እንደሚታይ ከእናታችን ተምረናል። ገልብጬ ዝገት ፈለግኩ። መዘውሩን በእጄ እያዞርኩ ድምፁን አዳመጥኩ። መርፌው የሚገባበት ብረት ላይ ጭረት መኖር አለመኖሩን በጥፍሬ ዳሰስኩ፤ ጭረት ከበዛ መኪናው በችኩል እጅ ያለፈ ነው። ይኼኛው ግን ልስልስ ያለ ነበር።

«እንግዲህ ሞክሪው ልጄ፤ ዋጋውን ከጁምዓ መልስ እንነጋገራለን። ሱቁን አደራ» ብለው ሐጂ ሶኬቱን ሰክተውልኝ ወደ መስጊድ ሄዱ።

የእግር መኪና የለመደ ሰው በሁለት እግሩ ተጭኖ ነው የሚረግጠው። ለሞተሩ ግን የአውራ ጣት ጫፍ ይበቃዋል። ይህን እኔ ከየት ልወቀው? ቁራጭ አቡጀዴ ከመርፌው ሥር አድርጌ ባለ በሌለ ኃይሌ ረገጥኩት። መኪናው አጓርቶ ተፈተለከ። አቡጀዴውን ለመያዝ እጄን ስሰድ የአስረበብ እጅጌ ተከትሎ ገባ። እግሬን ሳነሳ መርፌው እጅጌውን ወግቶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ክሩ ከሥር ተተብትቧል። ቶሎ ብዬ ሶኬቱን ነቀልኩ። ጣቴን እግዚአብሔር አተረፈልኝ።

ብስበው አልወጣ አለኝ። መዘውሩን ወደ ፊት ባዞረው ጭራሽ ጠበቀ። ወደ ኋላ ማዞር በሐሳቤም አልመጣ። የእግር መኪና ወደ ኋላ ከዞረ ክር ስለሚበጥስ እናታችን ከልጅነታችን ጀምሮ የከለከለችን ነገር ነው። መቀስ አጠገቤ አለ፤ ግን የአስረበብን አዲስ ቀሚስ ቆርጬ በየት በኩል ቤት እገባለሁ?

እንዲህ ሆኜ ላብ ሲያጠምቀኝ አንድ ጋቢ የደረበ ጎልማሳ ገባ። ዓይኑ በቀጥታ መኪናው ላይ አረፈ።

«ከቆላ ድባ ነው የመጣሁ» አለኝ። «የስፌት ባለሙያ ነኝ፤ ጎንደር ሱቅ ልከፍት ነው። ይኼን መኪና ሰምቼ ከጎርጎራ በመርከብ መጣሁ። ባለቤቱ የጠሩትን እከፍላለሁ። አንቺ ተስማምተሻል?»

«ገና ነን» አልኩት። በዓርብ ቀን መዋሸት ፈራሁ።

በእኛ ገበያ አንድ ልማድ አለ። ገዢ እጁን ከዕቃው ላይ እስካላነሳ ሌላ ሰው ዋጋ አይጠይቅም፤ እጁን ካነሳ ግን ዕቃው ቀጥሎ የመጣው ሰው ነው። ስለዚህ መሰፋቴን ደብቄ መዳፌን መኪናው ላይ ለጥፌ፣ በጥሞና የምመረምር መሰልኩ። ሰውየው ጎንበስ ብሎ አየ።

«እታለም፣ ተሰፍተሻል እንዴ?»

«ኧረ አልተሰፋሁም፤ እያየሁት ነው!»

ሳቀ። እየሳቀም እጁን ወደ መዘውሩ ሰደደ። ያን ጊዜ እንባዬ መጣና ነገሩን ሁሉ ዘረገፍኩለት፦ አንዲት መኪናችንን፣ አስረበብን፣ ቅዳሜን፣ የጥጡን ነገር ሳይቀር። መዘውሩን ይዞ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ከዚያ እጁን አነሳና ጆንያ ላይ ተቀመጠ።

«ይኼማ ከባድ ነው፤ ባለቤቱ ሳይመጡ አልነካውም» አለኝ።

እፎይ አልኩ። እሱ መርከቡ ላይ ማዕበል ስላስደነበረው በግ እያወራ ሲያስቀኝ ሐጂ ደረሱ። እኔን ሲያዩ በሳቅ ግድግዳ ተደገፉ። ቀና ብለው እንግዳውን ምን ፈልጎ እንደመጣ ጠየቁት።

«ለዚሁ መኪና ነበር የመጣሁ። እኅታችን ቀደመችኝ» አላቸው።

«መቅደም ብቻ? እጇን ሰፍታበታለች እኮ!» አሉ ሐጂ። «እጇ ሳይነሳ ለሌላ ዋጋ ብጠራ አላህም አይወድልኝ።»

እንደተሰፋሁ ተከራከርኩ። ዋጋ አልስማማ ሲል ትቶ የሚሄድ መምሰል የገበያተኛ ብልሃት ነው፤ እኔ ግን ወዴት እሄዳለሁ? ሐጂም ይህን እያነሱ ሳቁብኝ። ያም ሆኖ አዝነው ቀነሱልኝ፤ በእቁባችን ብር ገዛሁት። ወዲያው ሰውየው ተነስቶ መዘውሩን ነካ አደረገ፤ ከሥር ክሩን በመቀስ ጫፍ በጠስ በጠስ ሲያደርገው እጅጌዬ ወጣ። በአውራ ጣት እንዴት እንደሚረገጥ አሳየኝ፤ «በርቺ» ብሎኝ ወደ ወደቡ ወረደ።

ቅዳሜ አስረበብም እኔም ተመዘገብን። ስለ ቀሚሷ ግን አንድ ሳምንት ሙሉ ተቆጣችኝ።

ከጥቂት ወራት በኋላ መኪናው የዩኒፎርም ኮሌታ ዋጠብኝ። የሰውየው እጅ ትዝ አለኝና መዘውሩን ወደ ኋላ ግማሽ ዙር ብመልሰው ኮሌታው ወዲያው ተላቀቀ። ከባድ ነገር አልነበረውም። ክው አልኩ። ያን ቀን ገና እንደገባ ሊፈታኝ ይችል ነበር። ቢፈታኝ እጄ ተነስቷል፤ መኪናው በልማዱ የሱ ይሆናል፤ ማንም አይወቅሰውም። እጁ እኮ መዘውሩ ላይ ነበር።

ለአስረበብ ነገርኳት። የምትሰፋውን አቁማ ቀና አለች።

«ታዲያ ሐይቁን ባዶ እጁን ነው የተሻገረ?» አለችኝ።

አዎ፣ ባዶ እጁን ነው። እኛ ሁለታችንም በዚያ መኪናና በእናታችን መኪና ልጆች አሳደግን። ስሙን አልጠየቅኩትም፤ ይህ እስካሁን ይቆጨኛል። ቁጭቱ ግን ደስታዬን አይቀንሰውም። እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ ተቀምጦ ስለ በግ እያወራ አስቆኛል። ካለ ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ከሌለም ነፍሱን ይማርለት።