ስልሳ አራት ላይ የቆመው ቁጥር

እህቱ በስንት ሰዓት ሞተች? ሊያጽናና የመጣ ሁሉ ይጠይቀዋል። የልብ ምቷን የሚከታተለውን ፕሮግራም የጻፈው እሱ፣ ከክፍሏ ቀጥሎ ባለው ክፍል ተቀምጦ ቁጥሩን ሲጠብቅ የዋለውም እሱ፤ ሰዓቱን ግን አያውቅም።

ልብስ ሰፍታ ያሳደገችውና ያስተማረችው ታላቅ እህቱ ናት። ልቧ ሲደክምባት ጣት ላይ የሚሰካ የልብ ምት መለኪያ ገዝቶ ከኮምፒዩተሩ ጋር አገናኘላት፤ ምቷ ሲወርድ የሚደውል ፕሮግራምም ጻፈ። ቁጥሩ እንደ ፌንጣ እየዘለለ ደወሉን ያለምክንያት ያስጮኸው ጀመር። ስለዚህ የመጨረሻዎቹን ሃያ ቁጥሮች አማካይ እንዲያሰላ አደረገው፤ አዲስ ቁጥር ሲገባ ከሃያው የቆየው ይወጣል። አማካዩ ከሃምሳ ሲወርድ ብቻ ይደውላል።

አንድ ጣጣ ቀረ። መርፌ ላይ ክር ለማስገባት መለኪያውን ስታወልቅ ዜሮ ይጎርፍና ደወሉ ያብዳል።

«አንተ ልጅ፣ ይኼ ጉድህ ክር ባስገባሁ ቁጥር ሞተች ብሎ ጎረቤት ሊጠራብኝ ነው?»

«እሺ እታለም፣ ዝም አሰኘዋለሁ።»

«አሰኝልኝ። ስሞት እኔው ራሴ እነግርሃለሁ!»

ተሳሳቁ። አንድ መስመር ጨመረ፦ ዜሮ ከመጣ አትቁጠር፣ እለፈው።

በሞተችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ቁጥሩ ስልሳ አራት ነበር። ሥራውን ሲሠራ ቆይቶ ቀና አለ፤ ስልሳ አራት። «እሰይ፣ ተኝታለች» አለ። የሰው ልብ እንዲያ ፍንክች ሳይል እንደማይቆይ ከሱ በላይ ማን ያውቃል? ሻይ ይዞላት ሲገባ እጇ ቀዝቅዟል። መለኪያው ዜሮ ይልካል፤ ፕሮግራሙ ያልፈዋል፤ አማካዩ ከቆመበት አይነቃነቅም።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒዩተሩን ማጥፋት አቃተው። ቢያጠፋው እሱ የገደላት ይመስለዋል፤ ቢተወው ደግሞ ከግድግዳው ማዶ አሁንም አለች። ሌሊት ዓይኑን ሲጨፍን የስፌት መኪናዋ ይሰማዋል፤ እንቅልፍ የለውም። ጠርታኝ ይሆን እያለ ይነሳል። በኮምፒዩተሩ ክፍል በር ስር የስክሪኑ ብርሃን አለ፤ ስልሳ አራት።

አንድ ማለዳ መለኪያውን አንስቶ በራሱ ጣት ሰካው። ልቡ ይደልቃል። ስልሳ አራት የነበረው ስልሳ ስድስት ሆነ፤ ሽቅብ ወጣ። የሱ አንድ ሲገባ የሷ አንድ ይወጣል። ሊነቅለው ቃጣ፤ አልነቀለውም።

«እታለም» አለ፣ የሷ የመጨረሻው ሲወጣ።

ከዚያ ዜሮን እለፈው የምትለዋን መስመር ሰረዛት። ፕሮግራሙን እንደገና አስነሳና ጥቂት ጠብቆ መለኪያውን ከጣቱ አወለቀ። ዜሮ ጎረፈ። ያን ቀን መጮህ የነበረበት ደወል ቤቱን አናወጠው። እስኪበቃው ሰማውና ኮምፒዩተሩን አጠፋው፤ ጋደም አለ።

እንቅልፍ የወሰደው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው።