እርጥብ ሣር ለአዳዳ

ዛሬ ጠዋት አባዬ ሰው ጠርቶ የግቢያችንን ሣር አሳጨደ፤ እንግዳ አለብን። የታጨደ ሣር ሽታ የማይወድ የለም። እኔም እስከ አሥራ ሦስት ዓመቴ ድረስ እወደው ነበር። አሁን አሥራ ሰባት ሞልቶኛል፤ ሽታው ሲመጣብኝ ፊቴ እስከ ጆሮዬ ድረስ ይግላል።

እንግዳችን አዳዳ ጫልቱ ናት። አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው፤ ለአባዬም ታላቁ ናት። ከአራት ዓመት በፊት ከወለጋ ሲኤምሲ ድረስ የመጣችው፣ እማዬ ወንድሜን አርግዛ የመውለጃዋ ቀን ስላለፈ ነበር። ጳጉሜ ነው፤ መንገዱ ገና ጭቃ፣ አጥር ሥሩ ሁሉ አደይ። አዳዳ አንድ ቅል ቅቤና አንድ ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ይዛ ከአውቶቡስ ወረደች። በትሩ ሲንቄ ይባላል፤ በሠርጓ ቀን እናቷ የሰጠቻት ነው። ቤታችን ጴንጤ ስለሆነ አባዬ በትሩን ሲያይ ፊቱ ተቀየረ። ታላቁ ስለሆነች ግን ምንም አላላትም።

አማርኛዋ ትንሽ ነው፤ ከተማው ይጨንቃታል ብለን ነበር። በማግሥቱ ሾላ ገበያ ይዣት ብሄድ፣ ከቅቤ ሻጮቹ ጋር በኦሮምኛ ወሬ ጀምራ መነሳት አልቻለችም። እኔ ከጎረቤቶቻችን ጋር በአምስት ዓመት ያላወራሁትን በአንድ ጠዋት አወራች። ስንመለስ ቀጠሮ ይዛለች።

ቀጠሮው ሐሙስ ጠዋት፣ አባዬ ሥራ ከገባ በኋላ፣ ከሰፈራችን በታች ካለው ወንዝ ዳር ነበር። ሰባት ሴቶች መጡ። ለእማዬ አቴቴን ሊለምኑ ነው። አዳዳ እየወረድን እንደነገረችኝ አቴቴ የሴቶች እናት ናት፤ ውሃውም፣ ሣሩም፣ ማህፀኑም የእሷ ነው። እማዬ እሺ ብላለች፤ ለአባዬ አልተነገረም። እሷ መውረድ ስለማትችል በእሷ ፈንታ ሣሩን የምይዘው እኔ ሆንኩ።

መዋሸት አልፈልግም፣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሴቶቹ ተንበርክከው ሣሩን ውሃ ውስጥ እየነከሩ ረጩኝ። አንዷ ታዜማለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ወንዙ የሳሙና አረፋ ይዞ ነው የሚወርደው፤ እነሱ ግን እንደ ገዛ እናታቸው ጓዳ ነበር የገቡበት። በግንባሬ ላይ ያደረጉልኝ ቅቤ ቀልጦ አፍንጫዬ ላይ ሲንጠባጠብ ሳቅ አመለጠኝ፤ እነሱም አብረውኝ ሳቁ። ጸሎት ላይ ስስቅ ሰው ያልተቆጣኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

ስንመለስ አዳዳ ደንቡን ነገረችኝ። ሲንቄ የያዘች ሴት መሃል ከገባች የተጣላ ሁሉ ይቆማል። እሷን ያስቀየመ ደግሞ እርጥብ ሣር ከነሥሩ ነቅሎ፣ በእጁ ይዞ ፊቷ ይቆማል፤ ያኔ ይቅር ትለዋለች።

«ባትፈልግስ?» አልኳት።

«ሣሩ እርጥብ ነው እኮ» አለችኝ።

ሱቁ ጋ ስንደርስ ሜሮን ከሁለት የክፍላችን ልጆች ጋር ቆማለች። ሜሮን የአጥር ጎረቤታችን ናት፤ ክረምት ላይ እሷ የሳቀችበት ሰው ዓመቱን ሙሉ ይሳቅበታል። አዳዳን ከላይ እስከ ታች አየቻት፤ ፀጉሯ ላይ ሣር፣ አንገቷ ላይ ቅቤ፣ እግሯ ላይ ጭቃ የጠገበ ኮንጎ ጫማ።

«ይቺ ደግሞ ማናት?»

መጀመሪያ የራሴን ግንባር በእጅጌዬ ጠረግሁ። ከዚያ «ሠራተኛችን ናት፤ አዲስ ናት» አልኩ።

አዳዳ ይቺን ቃል ታውቃታለች። ቤታችን የምትሠራው ብርቄ እማዬን እትዬ ብላ ስትጠራም ሰምታለች። ትንሽ አየችኝ። ከዚያ ሲንቄዋን ብብቷ ውስጥ ሸጉጣ፣ ሹራቤን ከእጄ ወሰደች።

«አምጪ እትዬ፣ እኔ ልያዝልሽ።»

እስከ ቤት ድረስ ከኋላዬ፣ እንደ ሠራተኛ፣ ሦስት እርምጃ ርቃ ተከተለችኝ። አንዴም ዞር ብዬ አላየኋትም።

ቅዳሜ ወንድሜ በሰላም ተወለደ። አዳዳ እማዬን ስታርስ አንድ ወር ከረመች፤ የምትተኛው ከእኔ ጋር ነበር። ጠዋት ጠዋት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ግቢውን ታያለች። ግቢያችን ሙሉ ሣር ነበር። እኔ ግን ብስኩት ገዛሁላት፣ የአንገት ልብሴን ሰጠኋት፣ እግሯን አጠብኳት። ሁሉንም አመስግና ተቀበለች። ሣር ይዤ ብቆም አባዬ ምን አጠፋሽ ይለኛል፤ ጥፋቴን ለቤተሰቡ ሁሉ በእጄ ይዤ መታየት ነበር። እሱን ፈራሁ። በምትሄድበት ቀን ሁላችንንም መርቃ ስታበቃ አገጬን ያዝ አድርጋ «ደህና ሁኚ፣ እትዬ» አለችኝ። አባዬ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ዘንድሮ የአማርኛ መምህራችን ድርሰቴን ለክፍሉ ካነበቡልኝ ወዲህ በብዕር የማይሆን ነገር ያለ አይመስለኝም። ባለፈው ሳምንት አራት ገጽ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩላት። በጣም አምሮልኝ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በሦስተኛው ላይ ነው አዳዳ ማንበብ እንደማትችል ትዝ ያለኝ። ለካ ሰው ባማረ ጽሑፍ ውስጥም ይደበቃል።

የታጨደ ሣር አይሆንም፤ ሥር የለውም። አጫጁ አጥሩ ሥር የተወው ትንሽ ነበር፤ ተንበርክኬ በእጄ መንቀል ጀመርኩ። ሜሮን በአጥሩ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው፣ በግ ገዛችሁ እንዴ?»

«ለአክስቴ ነው።»

«የምን አክስት?»

«ያቺ ሠራተኛችን ናት ያልኩሽ።»

አልሳቀችም። ብትስቅም ኖሮ መንቀሌን የምተው አይመስለኝም።

አባዬ ሊቀበላት አውቶቡስ ተራ ሄዷል። ይህን የምጽፈው ደረጃው ላይ፣ እሷ ትቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ ሆኜ ነው። ሣሩ አጠገቤ ባልዲ ውስጥ አለ፤ እንዳይደርቅ በየመሃሉ ብዕሬን እያስቀመጥኩ ውሃ እረጨዋለሁ።