የሰማንያ ቀን ውሸት

ልጄ ለልጇ ክርስትና ድግስ ያስመጣችው አረቄ ሲከፈት፣ ሽታው ወደ ልጅነቴ መለሰኝ።

በጃንሆይ ጊዜ፣ እኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። ከአይከል ጎንደር ከተማ ገብተን የምንኖረው ሴቶቹ በሚያወጡት አረቄ ነበር። ክልክል ነው ሲባል እናቴና ጎረቤቶቿ ማሰሮውን ሁሉ አክስቴ አልጋ ሥር ደበቁት። አክስቴ ወንድ ልጅ የታቀፈች አራስ ነበረች፤ ሕፃኑ ክርስትና ሳይነሳ አራስ ቤት የገባ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባምና ዘበኛ አይደፍራትም።

አርባ ቀኑ ሲቃረብ ዘበኛው ከደጅ ቆመ።

«ምነው እቴ፣ ቤቱ አረቄ አረቄ አለኝ?»

«አራሷን ያሸንበት ነው፣ አያ» አለች እናቴ።

«ምን ወለደች?»

«ሴት።»

ሴት ክርስትና የምትነሳው በሰማንያ ቀኗ ነው። ዘበኛው ሳቀ። «እንግዲያ ገና አርባ ቀን ታሻላችሁ!» ብሎ ሄደ።

ውሸቱ እንዳይገለጥ የልጁ አርባ ቀን ዝም ተብሎ አለፈ። አክስቴ «ልጄን አረማዊ አደረጋችሁብኝ» እያለች ስታለቅስ አልገባኝም ነበር። በሃምሳኛው ቀን ትኩሳት ያዘው፤ ቄስ ሳይደርስለት ሞተ። ያለ ፍትሐት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቀበሩት።

«እማ፣ እንግዶቹ እስኪመጡ ክርስትናውን ሳምንት ብናዘገየውስ?» አለች ልጄ።

«አረቄውም ይቅር፣ እንግዳውም ይቅር። አርባ ቀኑ ነገ ነው» አልኋት።

ሕፃኑን አንስቼ አቀፍሁት። ግንባሩ ትኩስ መሰለኝ።