ሦስት ውጤት በአንድ ስም

ልደታ በሚገኝ አንድ የግል ላቦራቶሪ ካርድ ክፍል ሥራ የጀመርኩ ዕለት፣ አለቃዬ ጥቅል ፕላስተርና እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ስም በጭንቅላት አይያዝም። የናሙናው ጠርሙስ ላይ ለጥፊው፤ አብሮት ሄዶ አብሮት ይመለስ» አሉኝ። ትምህርቴ እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው። በዚህች ምክር ግን ሃያ ዓመት ሠራሁ።

በዘጠናዎቹ መጨረሻ የውጤት ወረቀት መጻፉ ለኮምፒውተር ተሰጠ። ፕሮግራሙን ፐርል በሚሉት ቋንቋ የጻፈው ብሩክ የሚባል ወጣት ነው። እኛ ስም እናስገባለን፤ ፕሮግራሙ ትእዛዙን ፎቅ ላይ ላለው መመርመሪያ ማሽን ይልክና መልስ ሳይጠብቅ ቀጣዩን ሰው ይቀበላል። መልሱ ሲመጣ ተቀብሎ ወረቀቱን የሚያትመውን ክፍል ብሩክ «ኮልባክ» ይለዋል።

አንድ ሰኞ ከሰንጋ ተራ የመጡ ሽማግሌ ወረቀታቸውን ይዘው ተመለሱ። «እህቴ፣ እርጉዝ ነው ይላል። ለባለቤቴ ምን ብዬ ልንገራት?»

ሁሉም ሳቀ። ሥራ አስኪያጁ ግን አልሳቁም። የመዘገበችው ሰሚራ ነበረች፤ ሁለት ልጅ ብቻዋን የምታሳድግ፣ ከጎኔ የምትቀመጥ። ማስጠንቀቂያ ጻፉባት። ከተደገመ ትሰናበታለች።

ብሩክን ጠራሁት።

«እትዬ፣ አንድ በአንድ ሞክሬዋለሁ። ስም አስገባሁ፣ ጠበቅሁ፣ ትክክል ወጣ። የሰው ስሕተት ነው።»

«እዚህ ማን ይጠብቃል? ሰኞ ጠዋት ሰልፉ በር ድረስ ነው። ና፣ ክንድህን ስጥ።»

ሦስታችንም ደም ሰጠን። የእኔን፣ የሰሚራን፣ የእሱን ስም አከታትለን አስገባን። እግሬ አብጦ ስለነበር ተቀምጬ ጠበቅሁ። ሦስት ወረቀት ወጣ፤ ሦስቱም ላይ ብሩክ ይላል።

«ስኳርህ ከፍ ብሏል» አለችው ሰሚራ።

«እሱ የእኔ ነው፤ ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ» አልኩ።

ብሩክ የፕሮግራሙን ኮድ ከፍቶ መስመር በመስመር አነበበ። «ስሙን ያስቀመጥኩት ሁሉም በሚጋሩት አንድ ቦታ ነው። አዲስ ሰው ሲገባ የፊተኛው ይጠፋል። መልሱ ሲመጣ ኮልባኩ የሚያገኘው የመጨረሻውን ስም ነው።»

«ጠርሙሱ ላይ አልለጠፍከውማ።»

ከሰዓት በኋላ አስተካከለው። እያንዳንዱ ትእዛዝ የራሱን ስም ይዞ ሄደ፣ ይዞ ተመለሰ። ውጤቷ በሽማግሌው ስም የወጣባትን እርጉዝም ፈልገን ነገርናት።

«በቃ፣ ተፈታ» አሉ ሥራ አስኪያጁ።

«የሰሚራ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ገና ፋይሏ ውስጥ ነው» አልኩ።

«እናየዋለን፣ እትዬ። ይሂዱ፣ ይረፉ።»

ደክሞኝ ነበር። ቢሆንም ወንበር ስቤ በራቸው ላይ ተቀመጥኩ። ወደ አብነት የሚሄደው ታክሲ ውስጥ የገባሁት ደብዳቤው ሲቀደድ አይቼ ነው።

ፕሮግራም የሚሞከረው ሰልፉ በሚረዝምበት ቀን ፍጥነት ነው። ሰው ላይ ደብዳቤ የሚጻፈው ከዚያ በኋላ ነው።